የሮማ ተኩላ፣ የጓሳ ቀይ ቀበሮ

ባለፈው ጸደይ እዚህ ሮማ የልጄ ክፍል ካፒቶሊኖ ሙዚየም ሲሄድ ወላጅ አጃቢ ተፈልጎ አብሬ ወጣሁ። የላቲን፣ የሥነ ጥበብና የሳይንስ መምህራን አንድ ላይ ነበሩ። ልጆቹ የነሐሷን ተኩላ ከበው ቆሙ። የላቲን መምህርቷ የሮሙለስንና የሬሙስን ታሪክ ተረከች። የሥነ ጥበቡ መምህር ቀጠለና ጡት የሚጠቡት መንትዮች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የተጨመሩ እንደሆኑ፣ የጥንት ኤትሩስካውያን ሥራ ስትባል የኖረችው ተኩላም በካርቦን ምርመራ የመካከለኛው ዘመን ሆና እንደተገኘች አስረዳቸው። አንዷ ልጅ «ታዲያ ለምን አርማችን ሆነች?» ብላ ጠየቀች። ክርክሩ እስከ አውቶቡሱ ድረስ አላባራም።

በሳምንቱ ከከተማዋ በስተምዕራብ ወዳለው የካስቴል ዲ ጉይዶ ጥብቅ ስፍራ ሄድን። በጣሊያን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቀሩት ተኩላዎች መቶ ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ ከሦስት ሺህ በላይ ናቸው። በካስቴል ዲ ጉይዶም በ2017 (እ.ኤ.አ.) ግልገሎች በካሜራ ታይተዋል። ልጄ የደረቀ የተኩላ ኩስ በእንጨት ፈልፍሎ የዱር አሳማ ፀጉር ሲያወጣ ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም።

እኔ ያደግሁት መንዝ ነው። ትምህርት ቤት የተኩላ ዘመድ የሆነውን ቀይ ቀበሮን የሸመደድነው ከዋልያና ከጭላዳ ጋር በአንድ መስመር ነበር። ከብት ስንጠብቅ ደግሞ ጠቦት ይበላብናል ብለን በወንጭፍ እናባርረው ነበር። ዋና ምግቡ የሜዳ አይጥ መሆኑን የነገረን አልነበረም።

የሚቆጨኝ ትምህርቱ ደጃችን ላይ እያለ አለመጠቀማችን ነው። መንዝ ያለውን የጓሳ ሣር ምድር ለመቶዎች ዓመታት የጠበቀው የአባቶቻችን የቄሮ ሥርዓት ነው፤ ግጦሹ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሣሩ ለቤት ክዳን ሲደርስ ይከፈት ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ለአራሹ አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ይህ ታሪክም ሥነ ዜጋም ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የጓሳ ጥናት ደግሞ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ሲያድን 67 በመቶ፣ ብቻውን ሲያድን 25 በመቶ እንደሚሳካለት አሳይቷል። ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ጥያቄ ከየት ይመጣል? በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከሚፈጇቸው አንዱም ከመንደር ውሾች የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ልጆቹ ቤታቸው ያለውን ውሻ የማስከተብን ነገር ከዚሁ ይማራሉ።

የወንድሜ ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት። ቀይ ቀበሮ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ በስልክ ብጠይቃት «አክስቴ፣ መጽሐፍ ላይ ብቻ» አለችኝ። ጥቅምት ላይ አገር ቤት እገባለሁ። እሷንና ጓደኞቿን ይዤ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ጓሳ እወጣለሁ።