አምፖሉን ከመቀየራችሁ በፊት ሽቦውን እዩት

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከጎባ ወደ ሮቤ በሞተር እየተመለስኩ ነበር። ይህችን 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሆን መንገድ የማያውቅ የባሌ ሰው የለም። ቀን ላይ ቀላል ናት። ማታ ግን ጭጋጉ ከሳነቴ አምባ በኩል ወርዶ የስንዴው ማሳ ላይ ሲተኛ፣ ያቺው መንገድ ሌላ መንገድ ትሆናለች። የሞተሬ መብራት እንደ ኩራዝ ቢጫ ሆኖ ከጎማዬ ብዙም አያልፍም ነበር። በድንገት ከፊቴ የፈረስ ጋሪ ጀርባ ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ፣ የኋላ ጎማዬ ተንሸራተተ፣ ከጋሪው አንድ ክንድ ያህል ሲቀረኝ ቆምኩ። ጋሪው ላይ የተቀመጡት እናት ሕፃን ታቅፈው ነበር። እኒያ እናት ዞር ብለው ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በማግስቱ ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረግኩ፤ ገበያ ሄጄ በጣም የሚያበራውን የኤልኢዲ አምፖል ገዝቼ አስገጠምኩ። ነጭ፣ ብርቱ፣ ዓይን የሚወጋ ነው። ደስ አለኝ። ደስታዬ ሁለት ሳምንት አልቆየም። በዚያው መንገድ ላይ አንድ ጋሪ ከፊት ለፊቴ ሲመጣ ፈረሱ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። መብራቴን አጥፍቼ ወረድኩ። ነጂው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም። የፈረሱን አንገት እየደባበሱ፣ «ልጄ፣ ፈረሱ መንገዱ ጠፋበት፤ እኔም ጠፋብኝ» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ጋሪውን እስኪያሳልፉ ቆሜ ጠበቅኩ።

መጀመሪያ እኔ ባለማየቴ ሰው ልገድል ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ሌላው እንዳያይ አድርጌ። ያን ማታ ቤቴ ስገባ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወሰንኩ።

የመኪናና የሞተር ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ጋ ሄድኩ። አዲሱን አምፖል አውጥቶ የድሮውን ሃሎጅን መለሰና ሞተሩን አስነሥቶ ቴስተሩን አወጣ። ባትሪው ላይ ሲለካ 13.8 ቮልት። አምፖሉ ሶኬት ላይ ሲለካ 11.6። «አየህ፣ ከባትሪው የወጣው ሁሉ አምፖሉ ጋ አይደርስም። 2.2 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል» አለኝ። ቀጥሎ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የአምፖሉ ማሳ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አደረገ፤ 0.9 ቮልት። ገበሬ ማሳ ሲል እርሻውን ነው፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ማሳ ሲል ግን ኤሌክትሪኩ በሞተሩ ብረት በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበትን መንገድ ነው። ማሳውን የያዘውን ቡሎን ሲፈታው ከሥሩ ዝገትና ደረቅ ጭቃ ወጣ። የመሪው ማብሪያ ውስጥ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። የቀረው 1.3 ቮልት የጠፋው እዚያና በቁልፉ መስመር ላይ ነበር።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሃሎጅን አምፖል ብርሃን የሚቀንሰው ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይደለም፤ ከዚያ እጅግ በፈጠነ ልክ ነው። ቮልቴጁ በ10 ከመቶ ሲጎድል ብርሃኑ በ30 ከመቶ ገደማ ይጎድላል። በእኔ ሞተር ላይ የጎደለው 16 ከመቶ ገደማ ስለነበር ከብርሃኔ 40 ከመቶ የሚበልጠውን ሽቦው በልቶታል ማለት ነው። አምፖሌ ደህና ነበር። እኔ ግን ጤነኛውን አምፖል ቀይሬ፣ የታመመውን ሽቦ ትቼው ነበር።

የእኛ አገር አየር ደግሞ ለሽቦ አይራራም። በባሌ ዝናቡ በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤ ገበሬው አንዱን ወቅት ገና፣ ሌላውን ቦና ብሎ ሁለቴ ያርሳል። ሞተራችንም ሁለቴ ይርሳል። ሌሊት ብርዱ፣ ጠዋት ጤዛው፣ ቀን አቧራው ይፈራረቁበታል። ጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ የሽቦ መጋጠሚያ ይህን አይችልም፤ ውኃው ይገባና ውስጥ ውስጡን ይበላዋል።

ሥራው እንዲህ ተሠራ። ከባትሪው በቀጥታ አዲስ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ፤ ባትሪው አጠገብ የ10 አምፔር ፊውዝ ተደረገለት። በመሀሉ ሪሌ ገባ። የድሮው የመሪ ማብሪያ ከእንግዲህ የአምፖሉን ሙሉ ኃይል አይሸከምም፤ ሪሌውን ብቻ ያዛል። ሪሌው ነው ከባትሪው አዲስ መስመር ወስዶ ለአምፖሉ የሚሰጠው። ለረጅሙ መብራት አንድ፣ ለአጭሩ አንድ፣ ሁለት ሪሌ። ማሳውም ለብቻው በሽቦ እስከ ባትሪው ተመለሰ። መጋጠሚያዎቹ በስታኞ ተበየዱ፣ በሙቀት የሚጠብቅ ቱቦ ለበሱ፣ ሶኬቶቹ ቫዝሊን ተቀቡ። መሪው አንገት አጠገብ ሽቦው ትንሽ ላላ ብሎ ተተወ፤ መሪ በዞረ ቁጥር የሚወጠር ሽቦ አንድ ቀን መበጠሱ አይቀርም። ሁሉም ካለቀ በኋላ ያው የድሮ አምፖል ላይ ሲለካ 13.5 ቮልት አነበበ። ቢጫው መብራት ነጣ። በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር።

ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ወረቀት ብር ወይም በመዳብ ክር የምንተካ ወንድሞች፣ እባካችሁ ተዉት። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሽቦው ከተቃጠለ ደግሞ ያለው ከቤንዚን ታንኩ ሥር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በአንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች ላይ የፊት መብራት ኃይል የሚያገኘው ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከማግኔቱ ጥቅል ነው። ጋዝ ስትሰጡ የሚደምቅ፣ ስትለቁ የሚፈዝ ከሆነ የእናንተም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ለእንዲህ ያለው ሪሌ ብቻ አይበቃም፤ መብራቱ ወደ ባትሪ መስመር ሲዞር ሬጉሌተሩና ጥቅሉ አብረው መታየት አለባቸው። ካልሆነ ባትሪው በየማታው ይራቆታል። ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ኤልኢዲ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለኤልኢዲ ተብሎ ከተሠራ ሙሉ መብራት ጋር ሲሆን ኤሌክትሪክ የሚወስደው ጥቂት ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ችግሩ ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ ስንከተው ነው። ያ መስታወት የተቀረጸው ብርሃኑ ከአንዲት ትንሽ ክር፣ ከአንድ ትክክለኛ ቦታ እንዲመጣለት ነው። ቦታው ሲዛባ ብርሃኑ ወደ ላይ ይበተናል፤ የሚመጣውን ሰው ዓይን ይመታል። በጭጋግ ጊዜ ደግሞ ጠብታዎቹ መልሰው በእናንተው ዓይን ላይ ይረጩታል፤ ከፊታችሁ ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ረጅም መብራትም እንዲሁ ነው። በጭጋግ ውስጥ አጭሩን አብርታችሁ ፍጥነት ቀንሱ። በ60 የሚሄድ ሞተር በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይበላል፤ ከፊታችሁ ያለውን ሰው አይታችሁ ፍሬን እስክትነኩ ብቻ ብዙ መንገድ አልፋችኋል።

አቅጣጫውንም አስተካክሉ። ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ አጭሩን አብሩ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመብራታችሁ ቁመት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ማረፍ አለበት። ከኋላ ሰው ወይም የስንዴ ጆንያ ስትጭኑ የሞተሩ ጀርባ ይወርዳል፣ መብራቱም ቀና ይላል። እንደ ጭነታችሁ ዝቅ አድርጉት።

በዚህ መንገድ ላይ ብቻችንን አይደለንም። ከገበያ የሚመለሱ እናቶች፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ አህያና ጋሪ አብረውን ይሄዳሉ። በዲንሾ በኩል ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን አስፋልቱ ዳር ይቆማል። ከጎባ በሳነቴ ወደ ዶሎ መና ስትሻገሩ መንገዱ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይወጣል፤ በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት በእነዚህ የባሌ ተራሮች ነው። ከእነዚህ ሰዎችና እንስሳት አንዳቸውም መብራት አልያዙም። ያለው የእኛ መብራት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለእነሱም ጭምር ይበራል።

ባለፈው ሳምንት በዚያው ሰዓት ከጎባ ስመለስ አንድ ጋሪ ከፊት ለፊቴ መጣ። ገና ከሩቅ አየሁት፤ አጭሩን አብርቼ ዳሬን ያዝኩ። ፈረሱ እርምጃውን ሳይቀንስ አጠገቤ አለፈ።