የበሰለ ጭቃ

ደቡብ ወሎ፣ ከላላ ያደገ ሰው ለጭቃ እንግዳ አይደለም። ቤት ሲሠራ ጎረቤት በደቦ ይወጣል፤ አፈሩ ይቆፈራል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ጭድ ተነስንሶበት በእግር ይረገጣል። ከዚያ ይተዋል። ጭዱ ራሱን እስኪለቅና ጭቃው እስኪሙለጨለጭ ሰንብቶ እንደገና ይረገጣል፤ ያኔ ነው በሰለ የሚባለው። ሳይበስል የተመረገ ግድግዳ ሲደርቅ ይተረተራል።

አዲስ አበባ፣ መካኒሳ የሚገኘው ዞማ ሙዚየም ስገባ ዓይኔ ያረፈው በዚሁ ጭቃ ላይ ነው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ ክፉኛ የተበከለ መሬት አጽድተው፣ በጭቃና በጭድ ገንብተው፣ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ከፈቱት። ኤልያስ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገኝ ቁልፍን፣ የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦንና ሰሌዳን ወደ ትልልቅ ሥዕል በመቀየር በዓለም የታወቀ ነው። እዚህ ደግሞ ግድግዳው ራሱ ሥዕል ሆኗል።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ከፍ ዝቅ ያሉ መስመሮች እንደ ሹሩባ ተያይዘው ይጠማዘዛሉ፤ በመሃላቸው የጭዱ ጫፍ ብቅ ይላል። ፀሐይ በጎን ስትመታው የመስመሩ ጥላ ይረዝማል፤ ንድፉም ይለወጣል። ቶኪዮ ውስጥ ቲምላብ የተባለው ቡድን ጎብኚው ሲራመድ የሚለዋወጥ የብርሃን ሥዕል በኮምፒውተር ያሳያል። ዞማ ውስጥ ያን ሥራ የምትሠራው ፀሐይ ናት። ሕፃናት በድንጋዩ መንገድ ይሮጣሉ፤ ከጓሮ አትክልቱ ሽታ ይመጣል፤ ሰው በመላ አካሉ ይጎበኛል።

ከላላ ውስጥ ቤቷን በእበት የምትለቀልቅ እናት ጣቶቿን ዘርግታ እጇን ስታዞር፣ ግድግዳው ላይ ግማሽ ክብ ከግማሽ ክብ እየተደራረበ ይቀራል። ይህን ጥበብ ብለን ጠርተነው አናውቅም። ዛሬ ብሎኬትና ሲሚንቶ የኑሮ መሻሻል ምልክት ሆነዋል፤ ጠንካራ ቤት የሚፈልግ ሰው አይወቀስም። ዕውቀቱ ግን አብሮ እንዳይፈርስ እሰጋለሁ። ዋልካ አፈር ሲደርቅ አፉን እንደሚከፍት፣ ምን ያህል ጭድ እንደሚበቃው፣ ጭቃው መቼ እንደሚበስል በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች አሁንም አሉ።

በከላላና እዚያው ደቡብ ወሎ ባለችው በመካነ ሰላም ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ ግድግዳ ለተማሪዎች ቢሰጥ እመኛለሁ። አፈሩና ጭዱ እዚያው አለ። እናቶች ያስተምሩ፤ ልጆች ይርገጡ፣ ይምረጉ፣ ንድፍ ያውጡ። በሠሩትም ላይ ስማቸው ይጻፍ።