ይነቀል ወይስ ይኑር

በአማርኛችን ጥርስ መንቀል ክፉ ነገር አይደለም። በአንድ ሙያ ብዙ የቆየን ሰው «ጥርሱን የነቀለበት ነው» እንላለን፤ የወተት ጥርሱን እዚያው ጥሎ እዚያው አደገ ማለታችን ነው። በልጅነታችን የወለቀችውን ጥርስ ጣራ ላይ ስንወረውር ማንም አላዘነልንም፤ ምትኳ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቅ ነበርና። እኔ ግን ሠላሳዎቹን አጋምሼ፣ ምትክ ስለሌለው አንድ መንጋጋ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ።

ጥርሱ በግራ በኩል ከታች ያለው የመጀመሪያው መንጋጋ ነው። ይህ ጥርስ በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ ብቅ ይላል። የማንንም ቦታ ተክቶ አይመጣም፤ እርሱንም የሚተካው የለም። ብዙ ወላጅ ግን ከወተት ጥርስ ቆጥሮ፣ ቢቦረቦርም «ይወድቃል» ብሎ ያልፈዋል። የእኔው በልጅነቴ ተሞልቶ ወደ 20 ዓመት አገልግሎኛል። ባለፈው ወር ከገብስ ቆሎ መሐል ከተደበቀች ጠጠር ጋር ተገናኘና አንድ ጎኑ ተገምሶ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ትኩስ ሻይ ሲነካው ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ይዘልቅ ጀመር። ሌሊቱን ቅርንፉድ ነክሼ አድራለሁ። የቅርንፉድ ዘይት ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል፤ የተጎዳ ነርቭ ግን አያድንም።

ሐኪሟ ራጁን ብርሃን ላይ አድርጋ አሳየችኝ። «ማዳን ይቻል ይሆናል» አለች። «ነርቩን አወጣለሁ፣ በሁለቱ ሥሮች ውስጥ ያሉትን ቦዮች አጥቤ እሞላለሁ፣ ከዚያ ክራውን ይለብሳል። ስንጥቁ ወደ ሥሩ ወርዶ ከሆነ ግን መንቀል ነው። ይህን ደግሞ ራጅ ሁልጊዜ አያሳይም፤ ከፍቼ ማየት አለብኝ። ያስቡበትና ይምጡ።»

የባንክ ሠራተኛ ነኝና ማታ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ። ማስነቀል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ዋጋውም ቀላል። ማዳኑ በርካታ ቀጠሮና ለግጥም መድበሌ ማሳተሚያ ካጠራቀምኩት ገንዘብ ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። ያም ሆኖ ስንጥቅ ቢገኝ የከፈልኩት ውኃ ይበላዋል።

ይሁንና የመንቀል ዋጋ በዕለቱ ተከፍሎ አያልቅም። ጥርስ የለቀቀውን ቦታ አጥንቱ አይጠብቀውም፤ እየሳሳ ይሄዳል። ከኋላ ያለው ጥርስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፤ የላይኛው ጓደኛውም የሚገጥመው አጥቶ ቁልቁል ይወርዳል። እርግጥ የታይታኒየም ብሎን አጥንት ውስጥ ተክሎ ጥርስ ማቆም ይቻላል፤ ስዊድናዊው ብሮነማርክ በሕመምተኛ አፍ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከለው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። የእርሱ ዋጋ ግን ከወረቀቴ ኅዳግ ውጭ ነው።

አባቴን አማከርኩ። «ነቅለህ ተገላገል ልጄ፤ እኔ ስንቱን አስነቅዬ የለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በእሳቸው ጊዜ በአካባቢያችን ጤና ጣቢያ የነበረው መሣሪያ ጉጠት ብቻ ስለሆነ ምርጫ ቀርቦላቸው አያውቅም። ይህን ሲሉኝ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከሩ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጧል፤ የታችኛው አጥንታቸው ስለሳሳ አልይዝ ብሏቸዋል። ቆሎ ሲቀርብ እፍኝ ይዘግኑና አሽትተው ለልጅ ልጆቻቸው ያድላሉ። ምክራቸውን በአክብሮት ሰማሁ፤ ያሳመነኝ ግን ያ እፍኝ ቆሎ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ዳነ የሚባለው ጥርስ ውስጡ ነርቭም ደምም የለውም፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ አይለይም። ሐኪሟን ብጠይቃት፣ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር ያያያዘው ጅማት ሕያው ስለሆነ ሳኝክ ጫናው እንደሚሰማኝ ነገረችኝ። ይበቃኛል፤ የቀረውን ስሜት ግጥም ውስጥ እፈልገዋለሁ።

ማክሰኞ ከፈተችው። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳትናገር አጎንብሳ አየች። «ስንጥቁ ከላይ ቆሟል፤ ሥሩ ደኅና ነው» አለችኝ በመጨረሻ። ቦዮቹ ሦስት ይሆናሉ ተብለው አራት ሆነው ተገኙ። ለአራተኛው አላስከፈለችኝም። ከሰዓት በኋላ፣ ከንፈሬ ገና እንደደነዘዘ፣ ለማተሚያ ቤቱ ደውዬ ከፋሲካ በኋላ እንደምመጣ በተኮላተፈ አፍ ነገርኳቸው።