ለእንግዳ ውሃ ማቅረብ ስንት ያወጣል?

በሃይፋ ከተማ ልጆቻቸውን ከሕፃናት መዋያ ዘግይተው የሚወስዱ ወላጆች አስተማሪዎችን ያስቸግሩ ነበር። ኢኮኖሚስቶቹ ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ከ10 መዋያዎች በ6ቱ ከ10 ደቂቃ በላይ በሚዘገይ ወላጅ ላይ የ10 ሼቅል ቅጣት ተጣለ። ይቀንሳል የተባለው መዘግየት ግን ጨመረ። ወላጆቹ ቀድሞ የሚያፋጥናቸው ይሉኝታ ነበር፤ ቅጣቱ ሲመጣ መዘግየት ዋጋ ያለው አገልግሎት ሆነ፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ውጤት ነው፤ ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም የሸሸው ይሉኝታ አልተመለሰም።

ጥናቱ ስለ እንግዳ አቀባበል አንዳች አይናገርም። ነገር ግን ልጆቻቸውን በባዕድ ሀገር የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሲከሰት ማየት አይከብድም። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እናት እንደ ብዙዎቹ ጎረቤቶቿ በማቀዝቀዣው በር ላይ የዋጋ ዝርዝር ለጥፋ ነበር፤ አልጋ ማንጠፍ 50 ሳንቲም፣ ቆሻሻ ማውጣት 1 ዶላር፣ ዕቃ ማድረቅ 2 ዶላር። ልጆቿ ገንዘብ በድካም እንደሚገኝ እንዲያውቁ አስባ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ የመጡትን አያት ሊጠይቁ እንግዶች ተሰብስበው ሳለ፣ የ9 ዓመት ልጇን «ሚጣዬ፣ ነይ እጅ አስታጥቢ» አለቻት። ልጅቷም ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ «ይሄስ ስንት ነው?» ስትል ጠየቀች። እንግዶቹ ሳቁ። አያት አልሳቁም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና ጆጉን ራሳቸው ያዙ። አንዲት እንግዳ ደንግጣ «ኧረ በሞቴ፣ ይቀመጡ!» እያለች ከእጃቸው ለመቀበል ታገለች።

ልጅቷን ስድ አደግ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የተሰጣትን ሕግ በትክክል አንብባለች፤ በዝርዝሩ ላይ ከእንግዳ እጅ ማስታጠብ የሚቀሉ ሥራዎች ዋጋ ወጥቶላቸዋል። ፌሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ስለረዱ ቁሳዊ ሽልማት የተሰጣቸው የ20 ወር ሕፃናት፣ ከተመሰገኑትም ሆነ ምንም ካላገኙት ይልቅ በኋላ ለመርዳት የቀነሰ ፍላጎት አሳይተዋል። ገና አፍ ያልፈታ ሕፃን እንኳ ክፍያ የሥራውን ትርጉም እንደሚለውጥ በሆነ መንገድ ይረዳል ማለት ነው።

ታዲያ የእንግዳ አቀባበል ከሌላው የቤት ሥራ በምን ይለያል? ኢኮኖሚስቷ ማርጋሬት ሪድ በ1934 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ውስጥ ምርት ባሳተሙት መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ መለኪያ አስቀምጠዋል፤ አንድን ተግባር ለሦስተኛ ሰው ከፍሎ ማሠራት ከተቻለ፣ ያ ተግባር ምርት ነው። በዚህ መለኪያ እንጀራው ከሱቅ ይገዛል፣ ወጡ ይታዘዛል፣ ቤቱን የሚያጸዳ ይቀጠራል። «ቤት ለእንግዳ» የሚለው ቃል ግን በተቀጣሪ አፍ ሲነገር ሌላ ነገር ይሆናል። ውሃ የምታፈስሰው ልጅ ዋጋዋ ከውሃው አይደለም፤ የቤቱ ልጅ በመሆኗ ነው። እንግዳውም የሚከፍለው ለእሷ ነው፤ «እደጊ» ይላታል፣ «ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?» ይላታል፣ በትልልቆች መካከል ስፍራ ይሰጣታል።

ሌላም ችግር አለ፣ እሱም የቋንቋ ነው። በትምህርት ቤት «አይሆንም» ማለት አይሆንም ማለት እንደሆነ ልጆች ይማራሉ፤ ሊማሩም ይገባል። በአማርኛ ቤት ግን የመጀመሪያው «አይ፣ በልቻለሁ፣ አትቸገሩ» መልስ ሳይሆን የውይይት መክፈቻ ነው። እንግዳው አስተናጋጁን ላለማስቸገር ይላል፣ አስተናጋጁም «አፈር ስሆን» ብሎ ቅንነቱን ያረጋግጣል። ሕጉን ያላወቀ ልጅ ቡና ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቆ፣ «አይ ልጄ» ሲባል ረከቦቱን አልፎ ወደ ክፍሉ ይሄዳል፤ እንግዳውም ቡናውን እያሸተተ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እንግዳ አይጠየቅም፣ ይቀርብለታል። ጉርሻ ግን ለልጅ ሊገደድበት አይገባም። እምቢ ያለን አፍ በግድ ማጉረስ ከጥንትም ቢሆን ፍቅር ብቻ አልነበረም።

እንዲህ ያለው ሕግ በስብከት አይገባም። ባርባራ ሮጎፍ በላቲን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ ልጆች ትልልቆችን እያዩና እየተሳተፉ እንዴት እንደሚማሩ አሳይተዋል። የድሮው የኢትዮጵያ ቤትም እንዲሁ ያስተምር ነበር፣ በከፊልም ልጁ የሚሄድበት ሌላ ክፍል ስላልነበረ። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ልጆች ከነታብሌታቸው ወደ ምድር ቤት ይላካሉ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሰው ሰላም ማለት አልቻሉም ተብለው ይወቀሳሉ። ጥፋቱ ከማያ ገጹ ይልቅ የደረጃው ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ዝርዝሩን አልቀደደችም፤ የሃይፋው ውጤት እንደሚያሳየው መቅደድ ብቻ አይበቃም። ይልቅ ለልጆቿ ሥልጣን ሰጠች። ሲኒውን የምትመርጠው፣ ለማን አስቀድሞ እንደሚቀርብ የምትወስነው ልጅቷ ሆነች፤ አያት ደግሞ በቀኝ እጅ እየቀዱ በግራ ክንድን መደገፍን አሳዩ። የ12 ዓመት ወንድሟም ማስታጠብ ጀመረ። እዚህ ላይ ግን አሮጌው አድልዎ ብቅ አለ። እሱ ጆጉን ባነሣ ቁጥር ቤቱ በምርቃት ይሞላል፤ እሷ ስታነሣ እንደ ተፈጥሮ ይቆጠራል፤ እንግዳ ሲሸኝ ሣህን የሚጠብቀው እሷን ነው። ባህልን ለልጅ ማውረስ ሲባል ይህም አብሮ ይወረሳል። በሀገር ቤት የተመሰገነው እንግዳ ተቀባይነት አብዛኛው ወጪው በሴት ልጆችና በቤት ሠራተኞች ድካም የተሸፈነ ነበር፤ ሂሳቡ ግን ሁልጊዜ በአባወራው ስም ተጽፏል።

ይህ ሂሳብ ድንበር ተሻግሯል። በሪያድ፣ በኩዌትና በዱባይ ቤቶች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የማርጋሬት ሪድ ሦስተኛ ሰው ናቸው። ቡናውንና ቴምሩን ለሌላ ሰው እንግዳ ያቀርባሉ፤ ብዙዎቹ የሚኖሩት በአሠሪያቸው ቤት ስለሆነ የራሳቸውን እንግዳ የሚቀበሉበት በር የላቸውም። ደመወዛቸው በአያት ቤት ለሚያድጉ ልጆች ደብተርና ጫማ ይሆናል። እነዚያ ልጆች ደግሞ እንግዳ መቀበልን በሚገባ ይማራሉ። እናት ከዓመታት በኋላ ለዕረፍት ስትመለስ፣ በሩን የሚከፍተው ልጅ ሻንጣዋን ይቀበላታል፣ ወንበር ያመጣላታል፣ ውሃውን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ያቀርብላታል። አያቱ በደንብ አስተምረውታል።