ባዶ ሲኒ

የሩፋኤል ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። የሰፈሩ ልጆች ጸበል ነው እያሉ ዝናቡ ውስጥ ይሯሯጣሉ። መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። እኔና እናቴ ጨለማ ከሆነው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን፣ የምናየው ብናጣ በ2014 ያየነውን ማውራት ጀመርን።

«ከዓመቱ ሁሉ የትኛውን ወደድሽው?» አልኳት።

ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል «ሲኒው የሞላበትን» አለችኝ።

ድራማ ስናይ እኔ የተዋንያኑን ፊት ሳይ እናቴ እጃቸውን ነው የምታየው። አንድ ምሽት ድራማው ላይ ባልና ሚስት ቡና እየጠጡ ሲጣሉ፣ እኔ ልቤ ተሰቅሎ «ልትሄድ ነው? ልትቀር ነው?» ስል፣ እሷ ቀስ ብላ «ባዶ ነው እኮ» አለች። እውነትም ሲኒው ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማየት አላቆምኩም። የሞላ ሲኒ የያዘ ሰው እጁ ይጠነቀቃል፤ ትኩስ ነውና አፉ ጋ ሳይደርስ ከንፈሩ ይሾላል። ባዶ የያዘው ግን እንደ ቁልፍ ያወዛውዘዋል፤ ሲያስቀምጠውም ድምፁ ቀጭን ነው። ተዋናይዋ ከልቧ እያለቀሰች ያቺ ቀጭን ድምፅ ታጋልጣታለች። ማዕዱም እንደዚያው ነው። እንጀራው ይዘረጋል፣ ሁሉም ይቆርሳል፣ አንድም የሚውጥ ሳይኖር ስልክ ይጮኽና ሁሉም ይነሣል። እጁን ሳይታጠብ ወደ ማዕድ የሚቀርብ ሰው ካየችማ እናቴ የዚያን ቀን ታሪኩን አትከታተልም።

ገንዘብ ስላጠረ ነው የሚል አይጠፋም። አንድ ጀበና ቡና ግን የማንንም በጀት አያናጋም። የሚያስፈልገው ከካሜራው ጀርባ ቆሞ «ሲኒው ሞልቷል?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ያለበት ሥራ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ያስታውቃል።

የቱርኮቹን ድራማዎች ያስወደደን አንዱ ነገር ይኸው ይመስለኛል። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ ስንቱ ቤት በእነሱ ሰዓት እራቱን አቅርቧል። ወገቡ የቀጠነው ብርጭቆ ሲመጣ ቀዩ ሻይ በእርግጥ ይጨሳል፤ በማንኪያው ሲማሰል ስኳሩ የሚሟሟ ይመስላል። ቃሉ ከከንፈሩ ሳይገጥም ሲቀር እንኳ እናምነዋለን። በአማርኛ ድምፃቸውን የሚያውሱት ተዋንያን ስማቸውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ግን አከብራቸዋለሁ። በሌላ ሰው አፍ ልክ፣ በሌላ ሰው ትንፋሽ ልክ ማልቀስ ቀላል ሥራ አይደለም።

ከአገር ቤት ድራማ የዓመቱ ምርጫዬ «እረኛዬ» ነው፤ በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው። ከደራሲዎቹ መካከል አዜብ ወርቁና ቅድስት ይልማ አሉበት። ቅድስትን «ረቡኒ» ከተባለው ፊልሟ ጀምሬ እከተላታለሁ። በእረኛዬ የወደድኩት ከታሪኩ ይልቅ ዝምታው ነው። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው ወዲያው አይቀበለውም፤ ነገሩ መሬት እስኪነካ ይጠበቃል። የገጠር ሰው አነጋገርም ለሳቅ አልቀረበም። እናቴ ያደገችበት ቋንቋ በቴሌቪዥን እንዲህ ተከብሮ ሲነገር ስትሰማ፣ ለቀማዋን ትታ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ አየኋት። እሷ እጇን አሳርፋ የምታየው ነገር ጥቂት ነው።

ነፃነት ወርቅነህ በኢቢኤስ ያቀረበው «የቤተሰብ ጨዋታ»ም ካየነው አንዱ ነው። የጥያቄዎቹን መልስ እንገምታለን፣ እንሳሳታለን። እኔ የምጠብቀው ግን አንዱ ሲሳሳት ከጎኑ የቆሙት ወንድሙ ወይም አክስቱ ትከሻውን መታ የሚያደርጉበትን ቅጽበት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሐምሌ 9 ነው። በኦሪገን የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች 10,000 ሜትር። እዚያ ቀትር ነው፤ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። እናቴ እንቅልፍ እንዳይጥላት ቡና አፍልታ ነበር። ለተሰንበት ግደይ በ2012 መስከረም ዶሃ ላይ ብር፣ ከዚያ ቶኪዮ ላይ ነሐስ ያመጣች ልጅ ናት፤ ሁለቱንም ጊዜ መጨረሻው ላይ ሲፋን ሀሰን ቀድማታለች። እናም የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል የምንፈራውን እናውቅ ነበር። ወደ መጨረሻው መስመር ሲታጠፉ አራት ሴቶች አብረው ናቸው። ለተሰንበት እጅ አልሰጠችም። ሄለን ኦቢሪን የቀደመቻት በሰከንድ 8 መቶኛ ነው። 30 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ከ94። ሲፋን አራተኛ ወጣች። ከጎረቤት ግድግዳ ወዲያ ጩኸቱ ሲፈነዳ እኛ ቤት ግን ዝም ብለናል።

በቀጣዩ ቀን ታምራት ቶላ፣ በማግስቱ ጎይተቶም ገብረስላሴ በማራቶን፣ በሳምንቱ ጉዳፍ ፀጋይ በ5,000 ሜትር አሸነፉ። የጉዳፍ ውድድር እኛ ጋ ሊነጋ ሲል ነበር፤ ተነሥተን አየነው። 4 ወርቅ፣ 4 ብር፣ 2 ነሐስ። ከአሜሪካ ቀጥሎ ሁለተኛ።

ሦስቱ ወርቅ ያመጡት ሴቶች የትግራይ ልጆች ናቸው። ትግራይ ደግሞ ያኔ ስልኩም ባንኩም ተቋርጦባት ከዓመት በላይ ሆኗት ነበር።

ለተሰንበት ባንዲራ ለብሳ ሜዳውን ስትዞር ካሜራው ፊቷን በቅርብ አሳየን። እናቴ ከወንበሯ ወደ ፊት ተጠጋች። በእጇ የያዘችው ሲኒ እስከ አፉ ሞልቶ ቀዝቅዟል፤ አንዴም አልቀመሰችውም።

«እናቷ አይታት ይሆን?» አለችኝ።

የምመልስላት አልነበረኝም። ሲኒውን ከእጇ ተቀብዬ ላሞቀው ወደ ጓዳ ገባሁ።