የጣሳው ትርንጎ

መቸም ስለ ትርንጎ መጻፍ የግብርና ተማሪዎች ተግባር ነው የሚል አይጠፋም። እኛም የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን በዛፍ ጉዳይ አፍ ለመክፈት መብት እንደሌለን እናውቃለን። ዳሩ ግን ሰው ያጠፋውን ለመናገር ፈቃድ አያስፈልገውም።

እኛ የአንድ እናት ልጆች ሦስት ነን። አዳማ ባለው የእናታችን ግቢ፣ ከማድ ቤቱ በስተጀርባ፣ አንድ የትርንጎ ዛፍ ነበረ። ትርንጎ እንደ ሎሚ ተጨምቆ የሚጠጣ አይደለም፤ ውኃው ጥቂት ነው። የሚበላው ወፍራሙ ነጭ ሥጋው ነው። እናታችን ግን ከምታበላን ይልቅ በልብስ ሳጥኗ ውስጥ የምታኖረው ይበዛ ስለ ነበር፣ የበዓል ነጠላዋን ስትዘረጋ ቤቱ በሙሉ ትርንጎ ትርንጎ ይሸት ነበር። ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ሲጽፍ፣ ይህ ፍሬ ከልብስ ጋር ቢቀመጥ ብል አያስበላም ብሏል። እናታችን ቴዎፍራስጦስን አላነበበችም።

በ2016 ዓ.ም. ታናሻችን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሦስታችንም አዲስ አበባ ሆንን። ለምግቡ፣ ለመጓጓዣው፣ ለወረቀቱ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይምጣ? ለገና ዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ መልሱን በዓይናችን አየነው። ከማድ ቤቱ በስተጀርባ ለኪራይ የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች ተጀምረዋል፤ ዛፉ የለም። ቅርንጫፉም ለበዓሉ ማገዶ ሆኖ አልቋል። ትርንጎ አንዲት ቅርንጫፍ ተቆርጣ እርጥብ አፈር ውስጥ ብትሰካ ሥር የምታወጣ ዛፍ መሆኗን ያወቅነው ዘግይተን ነው። እናታችንን ለምን ቆረጥሽው ብሎ የጠየቃት የለም። ያለ ዛፉ የቀሩት በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሦስት ፍሬዎች ብቻ ነበሩ።

አንዱን ይዘን ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ቆርጠን በላነው፤ ዘሩንም አጥበን፣ የዱባ ዘር ሲደረግ እንዳየነው፣ መስኮት ላይ ፀሐይ ሁለት ሳምንት አሰጣነው። ከዚያ ዘራነው፤ ጠበቅነው፤ አጠጣነው። አንድም አልወጣም። የትርንጎና የዘመዶቹ ዘር እንደ እህል ደርቆ የሚቀመጥ አይደለም፤ እርጥበቱ ካለቀ ነፍሱም ያልቃል። ይህን መጽሐፍ ከፍተን ብናይ ኖሮ በአምስት ደቂቃ እናገኘው ነበር። ለፈተና እንጂ ለዘር መጽሐፍ የመክፈት ልማድ የለንማ!

በየካቲት መጨረሻ ወደ አዳማ ወርደን ሁለተኛውን ከፈትነው። ልጣጩ ጨማዶ ነበር፤ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። በዚያው ቀን አሥራ አንድ ዘር፣ ሥራቸውን በሚስማር በበሳናቸው የቲማቲም ጣሳዎች ውስጥ፣ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርገን ቀበርን። አፈሩ ግማሹ የቆየ ፍግ ነበር። በሃያ ሰባተኛው ቀን እናታችን በስልክ፣ «ልጆች፣ አንድ ነገር አፈሩን ሰንጥቋል» አለችን። ሰባቱ በቀሉ። ሁለቱን ራሷ ውኃ አብዝታ ገደለቻቸው፤ አንዱን በክረምት የወፍ ኩስ የሚመስል ትል ቅጠሉን ጨርሶ በላው። ያ ትል ሲነኩት ከራሱ ላይ ሁለት ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ ክፉ ሽታ ይሰዳል፤ ታናሻችን ጮኾ ጣሳውን ጣለው። አድጎ የሚያምር ቢራቢሮ የሚሆነውም እርሱ ነው።

በዚህ መካከል አንድ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ አማከርን። «ምን ያደክማችኋል? ከዘር ሰባት ስምንት ዓመት ትጠብቃላችሁ። በኮምጣጣ ብርቱካን ጉንድ ላይ የተጣበቀ ልስጣችሁ፤ በሦስት ዓመት ትበላላችሁ» አለን። ሰውዬው እውነቱን ነው። ግን የሚጣበቀው ቅርንጫፍ የእርሱ ዛፍ እንጂ የእኛ አይደለም፤ የእኛ ተቃጥሏል። አይሁድ በዳስ በዓል የሚይዙት ትርንጎ ከሌላ ዛፍ ጋር ያልተጣበቀ እንዲሆን ይጠነቀቃሉ፤ ምክንያታቸው ከእኛ ምክንያት ጋር የሚገናኝ ባይሆንም ያን ቀን ተረዳናቸው።

ደግሞስ ከዘሩ የሚወጣው ያው የእናታችን ትርንጎ ይሆናልን? ብርቱካን ብዙ ጊዜ ከአንድ ዘር ሁለት ሦስት ቡቃያ ያወጣል፤ አብዛኞቹም የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። ትርንጎ ግን ከአንድ ዘር አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚወልደው፤ እርሱም ግልባጭ አይደለም። ሆኖም አበባው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ዱቄት ስለሚፀንስ ልጁ ከእናቱ እምብዛም አይርቅም። የጥንት ዘር ነው፤ በገበያችን ሎሚ የምንለው ትንሹ ፍሬም ሆነ የፈረንጆቹ ትልቁ ሎሚ በአባት በኩል የትርንጎ ልጆች ናቸው።

ይህን ሁሉ ለእናታችን አስረዳናት። የሰማችው ግን አንዱን ቁጥር ብቻ ነው። «ሰባት ዓመት? ያን ጊዜ እናንተ የት ትሆናላችሁ?» አለች። ትልቋ እኅታችን በዚህ ዓመት ትመረቃለች። መልስ አልሰጠናትም።

ከቀሩት አራት አንዱን በሰኔ 2017 ዓ.ም. በኪራይ ክፍሉ ግድግዳና በቧንቧው መካከል ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ተከልነው። ዛሬ ወገባችን ደርሷል፤ ከዘር የበቀለ ልጅ ዛፍ እሾኹ ብዙ ነውና የተከራይዋን የልብስ ስጥ እየቀደደ አስወቅሶናል። እናታችን የስጡን ገመድ ወዲያ አዛወረችው። ሦስተኛው ፍሬ አሁንም ከሳጥኑ አልወጣም፤ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል፤ ስትነቀንቀው ውስጡ ዘሩ ይንኳኳል።