የሰናድሩ ነሐስ

ነሐስ ለቤተ ክርስቲያንም ለጦር ሜዳም የሚያገለግል ማዕድን ነው። ጸናጽሉና ጽናው ከእርሱ ይሠራሉ፤ የጥይቱም ቀለህ ከእርሱ ነው። ሮብዓም የግብጽ ንጉሥ በወሰዳቸው በአባቱ የወርቅ ጋሻዎች ፈንታ የነሐስ ጋሻ አሠርቶ ለዘበኞቹ እንደ ሰጠ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል፤ ያን ሁሉ ነሐስ ማን ይወለውለው እንደ ነበረ ግን አልተጻፈም።

ከደብረ ማርቆስ የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር፥ በ1988 ዓ.ም. በወርኀ ጥር፥ አንድ ሽማግሌ ከአያታቸው የወረሱትን ሰናድር ከተሰቀለበት አወረዱ። የዐድዋ ድል 100ኛ ዓመት የሚከበርበት የካቲት 23 ቀርቦ ነበርና፥ ዲያቆን የሆነው የልጅ ልጃቸው ጠመንጃውን ይዞ ከሰልፈኛው ጋር ወደ ከተማ እንዲወርድ ተመክሮ ነበር።

ሰናድር ስሙን ያገኘው ያዕቆብ ስናይደር ከሚባል አሜሪካዊ ሠሪ ነው። እንግሊዞች በ1866 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲቀበሉት፥ ከአፉ ይጎርስ የነበረውን የቀድሞ ጠመንጃቸውን ከኋላው ከፍተው በጎን የሚገለበጥ መዝጊያ አገቡለት እንጂ ሌላውን አካል እንዳለ ተዉት። ስለዚህም የሰደፉ መልበሻ፥ ቃታውን የሚጠብቀው ቅስትና በእንጨቱ ጫፍ ያለው ቆብ ነሐስ እንደ ሆኑ ቀሩ። በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በዕለተ ስቅለት፥ በእሮጌ ሜዳ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ የተተኮሰው ይኸው ዓይነት ጠመንጃ ነበር። በኋላ ግን ሰናድር በኢትዮጵያውያን ትከሻ ላይ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ መሣሪያ ጌታውን ሲለውጥ አያፍርም።

ዲያቆኑ የደብሩን ጽናና መስቀል በየበዓሉ የሚያጸዳ ስለ ሆነ እጁ ሥራውን ያውቃል። ሎሚ ጨምቆ፥ አመድ ነፍቶ፥ ከወንዝም ደቃቅ አሸዋ አምጥቶ በቃታው ቅስት ጀመረ። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቅስቱ እንደ አዲስ ዋንጫ አበራ። ወደ ሰደፉ ሲዞርና የተሰፋበትን አሮጌ ቆዳ በጩቤ ሊተረትር ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት።

«ልጄ፥ በዚያ ላይ አሸዋ አታሳርፍ። የአያቴ የክርስትና ስም ከሥሩ አለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አያትየው በ1888 ዓ.ም. ከዘመቻው በፊት የንስሐ አባታቸውን ለምነው የክርስትና ስማቸውን በሰደፉ ነሐስ ላይ በወስፌ ጫፍ አስጭረው ነበር፤ ቢሞቱ በጸሎት የሚጠሩበት ስም እንዳይጠፋ ብለው። እርሳቸው በዐድዋ ወደቁ፤ ጠመንጃውን ጓደኛቸው ይዞት ተመለሰ። የንስሐ አባታቸው ከዚያ አስቀድሞ ዐርፈው ነበር፤ ልጃቸው ፊደል አልቆጠረም፤ እንጨቱም ተሰንጥቆ ስለ ነበር ቆዳ ተሰፋበት። ከዚያ ወዲህ 100 ዓመት ሙሉ ሟቹ በዓለም ስማቸው ብቻ ሲነሡ ኖሩ። ሽማግሌው ይህን ከአባታቸው ሰምተው ነበር፤ ነገር ግን ተከፍቶ ምንም ባይገኝስ ብለው ይፈሩ ነበርና እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገሩም።

ቆዳው በተነሣ ጊዜ ነሐሱ አልታየም። ቆዳ ሲለፋ የጠጣው ጎምዛዛ ውኃና ቅባት ከነሐስ ጋር ሲኖር አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ በዝናር ውስጥ የከረመ ጥይት አንገቱ ላይ የሚያበቅለው ይህንኑ ነው። ዲያቆኑ ዘመዱ ከከተማ የላከለትን የቆርቆሮ ጣሳ ማጽጃ ሊከፍት አሰበ፤ ሽታው እንደ በቅሎ ጋጣ ስለ ሆነበት ተወው። ሽታው አሞንያ ነው። በሕንድ አገር የእንግሊዝ ጦር ጥይት በዝናብ ወራት በጋጣ አጠገብ ሲከማች ቀለሁ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቅ ነበር፤ ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞንያ መሆኑ በ1921 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥናት ተገልጧል። ሰደፍ ወፍራም ስለ ሆነ እንደ ቀለህ አይሰነጠቅ ይሆናል፤ ዲያቆኑ ግን ይህን ሁሉ ሳያውቅ በአፍንጫው ብቻ መልካም ፈረደ።

ሦስት ማታ ሠራ። ብሎኖቹን ፈትቶ ነሐሱን ከእንጨቱ ለየ፤ ሎሚው እንጨቱን እንዳይነካ ማለት ነው። በለብታ ውኃና በሳሙና ቅባቱን አነሣ። ሎሚውን በጥጥ አስነክቶ ወዲያው ያጥበው ነበር፤ ነሐስ መዳብና ዚንክ የተዋሐዱበት ስለ ሆነ፥ ጎምዛዛ ነገር ሲቆይበት ዚንኩ ይሄድና መዳቡ ብቻ ቀርቶ ፊቱ ይቀላል። በብረት ፈንታ የቀርከሃ ስንጥር ቀርጾ ዝገቱን ነጠላ በነጠላ አነሣ። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሳይፈታ ወርቁን ሊነጥቅ ቢቸኩል የሚደርስበትን ስለሚያውቅ ይሆናል እንዲህ የታገሠው።

መጀመሪያ የወጣው በእንግሊዝ ፊደል የተመታ ቁጥር ነበረ፤ ጥልቅ ስለ ሆነ ምንም አልጎደለበትም። ከሥሩ መስቀል፥ ከመስቀሉ ቀጥሎ «ወልደ ማር» የሚል ጭረት ታየ። ከዚያ ወዲያ ዝገቱ ነሐሱን ጎድጉዶ በልቶታል። ዲያቆኑ ወረቀት አልብሶ በከሰል አሸው፤ ከ«ር» በኋላ ያለው እንደ እሾህ የተበታተነ ነጥብ እንጂ ፊደል አልነበረም።

«አባባ፥ ትንሽ ብፈትገው ይወጣ ይሆናል።»

«ያለውንም ይዞ ይሄዳል። ተው፥ ይበቃል።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው በኪሳቸው ከተቱ። ዲያቆኑ ነሐሱን አደረቀና ቀጭን የንብ ሰም ቀባው፤ ቅቤ ቢሆን ዝገቱን መልሶ ይጠራ ነበር። የሰደፉ መልበሻ እንደ ቃታው ቅስት አላበራም፤ ደብዛዛና ጠይም ሆኖ ቀረ። በሰልፉም ላይ የከተማው ልጆች ግማሹን ረስታችሁታል ብለው ሳቁ ይባላል።

ከሰልፉ በፊት ግን በየካቲት 23 ንጋት ሽማግሌው ወረቀቱን ለደብሩ ቄስ ሰጡ። ዐቢይ ጾም ስለ ነበር ድግስ አልነበረም። ቄሱ ወረቀቱን ወደ ጧፉ አስጠግተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ወልደ ማርያም ነው ወይስ ወልደ ማርቆስ ብለው ጠየቁ፤ ሽማግሌው አላውቅም አሉ። ስመ ሙታን በሚነሣበት ጊዜ ቄሱ ሁለቱንም ጠሩ።